አክስቴ በየትኛው ቀበሌ ይቆጠሩ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አሥራ አንድ ቤት ጨረስኩ። ሦስቱ ዝግ ናቸው። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ጫማዬን ሁለቴ አጠብኩ። አንዱን አባወራ ስንት ልጅ አለዎት ብላቸው እግዜር የሰጠን አሉ ብለው ወሬ ቀየሩ። እዚህ ልጅን እንደ ከብት መቁጠር ነውር ነው። ስማቸውን አንድ በአንድ አስጠራኋቸውና በጣቴ ያዝኩ። ሥራው እንዲህ ነው ደብተሬ፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ይህን አያውቅም።

የማዘጋጃ ቤቱ አለቃዬ አቶ ይበልጣል የከተማዋን «ገጽታ» በአሥር ቀን ጽፈሽ አምጪ ብለውኛል። አቀማመጥ፣ አየር፣ ውሃ፣ የሕዝብ ብዛት። አቀማመጡን ጽፌ ጨርሻለሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ በሁለት ጅረቶች መካከል። በስተላይ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ፣ በስተታች የገበያው ሜዳና መስጊዱ። ከዚያ ወዲያ በርበሬ፣ በቆሎ፣ ጤፍ።

ያስቸገረኝ ሰዉ ነው። መስከረም ት/ቤት ሲከፈት ከተማዋ ታብጣለች፤ ኅዳር አጨዳ ሲደርስ ትሟሽሻለች። የትኛዋን ልጻፍ? አቶ ይበልጣል ያበጠችውን ነው የሚፈልጉት። ሕዝቡ ከበዛ ደረጃዋ ያድጋል፣ ደረጃዋ ካደገ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርልናል። እኔም ውሃ እፈልጋለሁ፤ ቧንቧችን በሳምንት አንዴ ነው የሚያንጠባጥበው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ አክስቴ ወ/ሮ ጥሩወርቅ ቤት ደረስኩ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መሬታቸውና የራሳቸው ቤት ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው። ግን ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ይማራሉ፤ የልጆቹ እናት ቡሬ ፋብሪካ ተቀጥራለች። ስለዚህ እትየ ሦስት ዓመት ሙሉ ከልጆቹ ጋር በኪራይ ክፍል ያድራሉ። እርሻውን የሟች ባላቸው የወንድም ልጅ ደሳለው በእኩል ያርሳል፤ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ።

መመሪያው ሰው የሚቆጠረው «ከስድስት ወር በላይ የኖረበት» ቦታ ነው ይላል። ጻፍኩ፦ ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ ቤተሰብ ሦስት፣ ነዋሪነት ከተማ። ምንም ሳልጠይቃቸው፣ በእስክሪብቶ። አሻራ ያድርጉ ስላቸው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ለውሃው ነው አልኳቸው። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው የበቆሎ እሸት ጠበሱልኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሦስት ሰው ጨመርኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 8 ሰዓት

ደሳለው ቢሮ መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፤ ዝናቡን፣ በርበሬውን፣ ጤናዬን ጠየቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አመጣው። የቀበሌያቸው የመሬት ኮሚቴ ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ ከተማ የተመዘገበ ሰው የገጠር መሬት አይዝም ይላል፤ መሬቱ ለሚያርሰው ይዛወራል። አክስቴ ከተማ መመዝገባቸውን ሰምቷል፤ አሻራቸው ያለበት ቅጽ ቅጂ ይሰጠኝ አለ። ማሳየት አይፈቀድም አልኩት።

አልተቆጣም። «እኔ ክፉ አልመኝላቸውም፤ እናት ናቸው» አለ። «አንች ራስሽ የጻፍሽውን ነው የምናገረው።»

ወጥቶ ከሄደ በኋላ ቅጹን አውጥቼ አየሁት። የኔ እጅ ጽሑፍ፣ የኔ ፊርማ። ምን አባቴ ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ገበያ። እትየን በርበሬ ተራ አገኘኋቸውና ወደ ዳር ወስጄ ነገርኳቸው። መናገር ያቃተኝ ቦታ ላይ ዞር ብዬ አህዮቹን አየሁ። እሳቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አንች ልጅ፣ እኔን የት ነው ያኖርሽኝ?»

ከተማ፣ አልኳቸው።

«እዚያ እሳት አለኝ፤ እዚህም እሳት አለኝ። ሰው በሁለት ቤት አይኖርም እንዴ?»

ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ሰው የተሰመረ አምድ የለም። ሳይገበያዩ ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ መልስ። ቅጹ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ። ባዶ ቅጽ ደግሞ ሞልቷል። አንዱን ቀድጄ ሌላ ብጽፍ ማን ያውቃል? ማንም። ይህን ሳስብ ፊቴ ጋለ።

በደሳለው ተናድጃለሁ። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ እዚህ የምዋሸው ለማን ነው? አራት ልጅ አለው፣ የራሱ የሚለው መሬት የለውም፣ ያቺን ማሳ አረም ሳያስነካ ነው የያዛት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት። ቅጾቹን ያሰፈርኩበትን መዝገብ ከቢሮ ቤት አምጥቼ ከመጀመሪያው አገላበጥኩት። ወ/ሮ እንትና፣ ልጆች ሦስት፣ ባል ገጠር። ሌላ፣ እንደዚሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት ግማሾቹ ለልጅ ትምህርት ብለው የገቡ እናቶች ናቸው። ሁሉንም በስድስት ወር ሕግ ከተማ አስገብቻቸዋለሁ። አክስቴ ብቻ አይደሉም፤ ሁሉም በኔ እጅ ናቸው። ፈራሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለአቶ ይበልጣል ነገርኩ። መጀመሪያ ሳቁ። የኛ ሥራ መቁጠር ነው፣ መሬት የሌላ ቢሮ ነው አሉ። አልሄድ ስላቸው በሩን ገፋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አክስትሽን አውጫቸው፤ ሌሎቹን ተያቸው» አሉኝ።

ለእኔ ውለታ የዋሉ ነው የመሰላቸው። ትናንት እኔው ራሴ ያሰብኩትን ከሳቸው አፍ ስሰማ ግን አስጠላኝ። ገጽታውን ከነመዝገቡ ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ እንዳኖር አዘዋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ሰብሳቢው ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ወደ ሐሙስ ከሰዓት ተዛውሯል። ሁለት ቀን።

እፎይ ሳልል እትየ በሬን አንኳኩ። ማድጋ፣ አንድ ጥቅል ልብስ፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላቸው። ዛሬውኑ ወደ ገጠር ቤታቸው ይገባሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ያድራሉ።

«የውሸት አትጻፊልኝ» አሉ። «እውነት አድርጌልሻለሁ።»

ልጆቹስ? ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ታናሿን ትጠብቃለች አሉ፤ አሉ እንጂ አይናቸውን ከኔ ላይ አላነሱም። ትንሿ ቀሚሳቸውን ይዛ አለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም እኔ ጋ ቀሩ። አልቅሼ አላባራሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ሚካኤል

በዓል ነው፤ ገበሬ ቤቱ ይገኛል። ልጆቹን ጎረቤት ትቼ ወደ እትየ በእግሬ ወጣሁ። ጅረቱን ተሻገርኩ፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የእትየ ጣሪያ በአንድ ወገን ተቀዷል። ደሳለው በአጥሩ በኩል አየኝና ተነሥቶ ሰላም አለኝ፤ በዓሉ ሲያልፍ ጣሪያውን አለብሰዋለሁ አለ፣ አይኔን ሳያይ። እትየ ብቻቸውን ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ከተማ የገዙት ብርድ ልብስ ለልጆቹ ስለቀረ ሌሊት በርዷቸዋል። ይህን እንኳ የነገሩኝ ስጠይቃቸው ነው። ይመለሱ አልኳቸው። እምቢ፤ መሬቱ ሳይለይለት አልመለስም አሉ።

ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ቤቴ። መዝገቡን አውጥቼ በማስመሪያ አዲስ አምድ አሰመርኩ። ራስጌው ላይ «ለልጆች ትምህርት ከተማ የሚያድሩ፣ ቤታቸውና መሬታቸው ገጠር» ብዬ ጻፍኩ። እናቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ወደዚያ አሻገርኩ፤ በያንዳንዱ ስርዝ ጎን ፈረምኩ። ምንም አልደበቅኩም። ከተማዋ አነሰች። ውሃው ይቀር ይሆናል። ሁለቱን ልጆች በራሴ ቤት ሥር ጻፍኳቸው፤ እዚህ ናቸው፣ አንዷ አሁን ፀጉሯን እየተሠራች ነው።

አምዱን ለማስመር የፈጀብኝ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ቁጥር ሳይሆን ሰው እየጻፍኩ መሆኔ ትዝ ብሎኝ አስምሬው ቢሆን እትየ ዛሬ ብቻቸውን አያድሩም ነበር።

ነገ ጠዋት ለአቶ ይበልጣል እሰጣለሁ። ይቆጡ። ከሰዓት የመሬት ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ፤ ደሳለውም ባለበት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አክስቴ ቤታቸውን ትተው አያውቁም እላለሁ። ከሥራ ቢያሰናብቱኝም እላለሁ።