በከዚራ በታሸገው ቪላ በረንዳ ላይ ስላሉት እንግዶች

ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ለክቡር ጓድ አለምብርሃን፤
ባሉበት ስብሰባ።

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የወንበርዎን፣ ከምንም በላይ ደግሞ የማኅተምዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ማኅተምዎ ደኅና ከሆነ ቀበሌው ደኅና ነው። እኔም ከሕሊና ቁርጠት በቀር ደኅና ነኝ። ካላወቁኝ፣ የባቡር ጥገና ሠራተኛው የወልደ ማርያም ልጅ ዘገዬ ነኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ መምህር አላስቸገርኩም። ባለፈው እሑድ ለቀበሌያችን ቡድን ሁለት ጎል ሳገባ ቆመው ያጨበጨቡልኝ ልጅ ማለት ነው። ያን ቀን በእግሬ የነበረውን ጫማ ያስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ከስኳር ራሽን ዝርዝሩ አጠገብ የለጠፍኩት ነገሩ ለእርስዎ ብቻ የሚነገር ስላልሆነ ነው። ከስብሰባ ሲወጡ እንደሚሰሙት፣ ኪንሲ የምትባል የጅቡቲ ሴት ከታመሙ እናቷ ጋር በከዚራ ሰፈር በሚገኘው የታሸገ ቪላ በረንዳ ላይ ካደረች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ቪላውን ለክረምቱ ተከራይቻለሁ ትላለች፤ ወረቀትም አላት። ወረቀቱን በባቡር የላከላት የጣቢያው ኩሊ ዋርፋ ደግሞ «አጭበርባሪ ደላላ» ተብሎ በቀበሌው እስር ቤት አራት ቀኑ ነው። ዓርብ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ይተላለፋል ተብሏል። ከዚያ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ እርስዎም ስለማያውቁት ጠይቄ አላደክምዎትም። ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ግን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሥራ እንዳይጓተት ብለው በየሰኞው ጠዋት ባዶ ወረቀት ደርድረው ማኅተም ስለሚመቱበት አመሰግናለሁ። በሌላው ቀበሌ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይታተማል፤ በእኛ ቀበሌ ማኅተሙ ቀድሞ ተቀምጦ ጉዳዩን ይጠብቃል። በግንቦት ለመታወቂያ መጥቼ እስከ ቀትር አግዳሚው ላይ ስቀመጥ፣ ጸሐፊዎ ተሻለችም «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስታጽናናኝ፣ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ በነፋስ ይገለባበጡ ነበር። ነፋስ ከሚወስዳቸው ብዬ ሁለቱን እኔ ወሰድኩ። ሐሳቤ ጓደኛዬን ነጋን ለደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጠረጋ ዘመቻ ለቀልድ በማኅተም ልጠራው ነበር። ምናለ እሱን ብቻ በጠራሁት።

፪ኛ. በዚያው ሳምንት ኪንሲ ለጣቢያው ሰዎች ብላ የላከችውን ደብዳቤ ዋርፋ ከባቡር ተቀብሎ እንዳነብለት አመጣልኝ። እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ ለጣቢያው ሰው ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። የእናቷ ደረት የጅቡቲን ሙቀት አልቻለውም፣ ሐኪም ቀዝቀዝ ወዳለ አገር ውሰጃቸው ብሏል፣ ድሬዳዋ ለክረምቱ የሚከራይ ቤት ካለ ንገሩኝ ትላለች። ድሬዳዋን ቀዝቃዛ ያለ ሰው በሕይወቴ ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ። ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት መሆኑን ሰምታለችና «ደላላ አልፈልግም፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ካላየሁ አልመጣም» ብላ ጨርሳለች። ማኅተሙ ደግሞ በኪሴ ነበር፣ አቦ።

ስለዚህ ከማኅተምዎ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ባለ ሦስት ክፍል፣ ሰፊ በረንዳና የኒም ዛፍ ጥላ ያለው የከዚራ ቪላ ለክረምቱ ተፈቅዶልሻል ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጥላውም ስለ በረንዳውም አልዋሸሁም፤ የዋሸሁት በሩ ይከፈታል ያልኩትን ነው። ለቀብድ አርባ አንድ ቁጥር ታኬታ ጫማ ይላክ አልኩ። ለቤት ቀብድ የኳስ ጫማ የሚጠይቅ መንግሥት የለምና ቀልድ መሆኑ ይገባታል ብዬ ነበር። በአሥረኛው ቀን ጫማው መጣ። በልኬ ነበር። ያኔ እውነቱን ልጽፍላት ይገባኝ ነበር፤ ክሩን አስሬ ሜዳ ወረድኩ።

፫ኛ. በስኳር ወረፋ ላይ «ሞኝ ሴት ናት» የምትሉ ጎረቤቶቼም ስሙኝ። ድንበር ማዶ ሆኖ ቤት የሚከራይ ሰው ደላላ አይመን፣ ቤቱን በዓይኑ የሚያይ ሰው ይላክ፣ የደጁን ሳይሆን የውስጡን ይጠይቅ፣ ቁልፍ ሳይጨብጥ ቀብድ አይስጥ ይባላል። ጥሩ ምክር ነው። ኪንሲም ከደላላ ሸሽታ ነው ማኅተም የጠየቀችው። ቤቱንም ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ እናቷ በዚያ ቪላ በር ወተት ይሸጡ ነበር፣ ከበሩ ወዲያ ግን አልፈው አያውቁም። ማክሰኞ ውሃ ይዤላቸው ስሄድ ኪንሲ እናቷን በሶማሊኛ «ሆዮ፣ ቁልፉ እየመጣ ነው» እያለች ታባብላቸዋለች። እሳቸው በረንዳው ላይ ተጋድመው «ያኔ ቆሜበት የማላውቀውን ዛሬ ተኛሁበት፣ ምን ቸገረኝ» አሉኝና ሳል ጀመራቸው፤ ቢስሉ ቢስሉ አላቆመም። የማን ልጅ ነህ ብለው ሲመርቁኝ ስሜን ዋሸሁ።

ቪላውን «ለሕዝብ ጥቅም» ብለው ካሸጉት አራት ዓመት መሆኑንም ሳላመሰግን አላልፍም። እስካሁን የተጠቀሙት ርግቦች ናቸው።

፬ኛ. ምርመራዎን አደንቃለሁ። ማኅተሙ የማን ነው ሳይሉ የተሸከመውን ያዙ፤ በዚህ ዓይነት ባቡሩም መታሰር ነበረበት። ዋርፋ «ማን ጻፈው?» ሲባል «አላውቅም አቦ፣ እኔ ሸክም እንጂ ፊደል አላውቅም» ብሏል አሉ። ያውቃል። ጫማውን ያመጣልኝ እሱ ነው። ትናንት ምሳ ይዤለት ሄጄ በመስኮቱ ሳቀብለው፣ አሁን ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን «ጫማው ልክ ሆነልህ ወይ?» አለኝ። ወላሂ፣ ክቡር ጓድ፣ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ጫማው ይጠበኛል።

እንግዲህ፣ የቪላው በር እስከ መስከረም ድረስ ለኪንሲና ለእናቷ እንዲከፈት፤ ዋርፋ ዛሬውኑ እንዲፈታ፤ በሱ ቦታ እኔ እንድገባ በትሕትና አመለክታለሁ። ጫማው ታጥቦ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተሻለች ዘንድ ተቀምጧል፤ ለባለቤቷ ይመለስልኝ።

ስብሰባዎ እንዳይበርድ፣ ቀለምዎ እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ በበረባሶ ጫማዬ ቆሜ እጅ የምነሣዎት፣ የማኅተምዎ ያልተሾምኩ ጸሐፊ፣

ዘገዬ ወልደ ማርያም

ሳልረሳው፦ የወሰድኳቸው ወረቀቶች ሁለት እንደነበሩ ነግሬዎታለሁ። ሁለተኛው ይኸው አሁን የሚያነቡት ነው፤ ከስሜ በታች ያለችው ክብ የእርስዎ ናት። ማኅተም ያለበትን ማስታወቂያ የቀደደ ፀረ አብዮተኛ ነው ብለው በሰኔ ስላስለጠፉ፣ ይህን የሚቀድ ደፋር በቀበሌያችን አይገኝም። ማኅተሙ ሐሰት ነው ካሉ የሰኞ ጠዋቱን ሥራዎን ለሕዝቡ ማስረዳት ሊኖርብዎት ነው፤ እውነት ነው ካሉ ደግሞ ኪንሲ ቤቱን ተከራይታለች። የቁልፉ ዘበኛ ገዲ ከሁለቱ አንዱን መርጧል፦ ማንበብ ባይችልም ማኅተም ያውቃልና፣ ስለ ቪላው ያለውን መስመር ሳነብለት ቁልፉን አንሥቶ ወደ ከዚራ ሄዷል። ስለ ዋርፋ ያለውን አላነበብኩለትም። ዋርፋ በውሸት ወረቀት ገብቷልና በውሸት ወረቀት እንዲወጣ አልፈለግሁም። ለዚሁ ጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ደጅዎ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ተሻለች «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላኛለች።