«ወደ ፊት ኑ» ማለትን የተዉት የወንጌላዊ ይሥሐቅ ወዳጆ የሕይወት ታሪክ

ወንጌላዊ ይሥሐቅ ወዳጆ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወዳጆ በዕውቀቱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ አፈወርቅ በመንዝ ማማ ምድር፣ ከሞላሌ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ታናሻቸው ይህን ታሪክ የጻፉት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወዳጆ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እስከ ዛሬ በአባታቸው ደብር የሚያስቀድሱ በመሆናቸው የአንድ ወንጌላዊ ታሪክ በእርሳቸው እጅ መጻፉ ያልተዋጠላቸው ሰዎች እንዳሉ ተሰምቷል። ላልተዋጠላቸው ከለቅሶው ድንኳን በር ላይ ውሃ ተቀምጧል።

ወንጌላዊ ይሥሐቅ ከአባታቸው እግር ሥር ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ገና በልጅነታቸው ዲቁና ተቀበሉ። ድምፃቸው ያማረ ስለነበር አባታቸው ቦታቸውን እንደሚተኩላቸው አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። ዘመናዊ ትምህርታቸውንም በሞላሌና በመሐል ሜዳ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1974 ዓ.ም. ሲመረቁ ወደ ወለጋ ክፍለ ሀገር ተመድበው በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ።

በዚያ አብሯቸው አንድ ክፍል የተከራየው መምህር የወንጌል አማኝ ነበር። ሁለቱ መምህራን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ሲያነቡ፣ ሲከራከሩ፣ ተኳርፈው ሲታረቁ ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። ወንጌላዊው በመጨረሻ ያመኑት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በገዛ ፈቃዳቸውና በገዛ ጊዜያቸው ነው። ተነሥ ያላቸው፣ እጅህን አውጣ ያላቸው፣ ያጨበጨበላቸው ማንም አልነበረም። ይህን በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው ያነሡት ነበር።

ወሬው ሞላሌ ሲደርስ መሪጌታ ወዳጆ «ዲቁናውንስ የት ጣለው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የልጃቸውን ስም አላነሡም። ኋላ ግን ሕመም ሲጸናባቸው አስጠርተው መርቀዋቸዋል። በ1988 ዓ.ም. ሲያርፉም ዕድሜያቸውን ሙሉ ባገለገሉበት ደብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ገበያነሽ ከመቃብሩ አጠገብ ያለችውን ቦታ እያሳዩ «እኔን እዚችው» ማለት የጀመሩት በሠልስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስመው በወጡ ቁጥር ይህንኑ ይሉ ነበር፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ካህናቱም ያውቁታል።

ወንጌላዊ ይሥሐቅ በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ እስከዳር ኃይለመስቀል ጋር ጋብቻ መሥርተው ወይዘሪት ጽናትንና አቶ ታዲዮስን አፍርተዋል። በ1986 ዓ.ም. ወደ መሐል ሜዳ ተመልሰው በኪራይ ቤት ጥቂት አማኞችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። በቆርቆሮ ጣሪያቸው ላይ ድንጋይ ዘንቧል፤ ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ተከልክለዋል፤ ለልጆቻችን ክርስትና አንጠራቸውም ያሉ ጎረቤቶች በወንጌላዊው ሞት ቀን ግን ድንኳን ተክለዋል። ጉባኤው እያደገ ሲሄድ በ1990 ዓ.ም. የመምህርነት ሥራቸውን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለአገልግሎት ሰጡ።

ስማቸው የተጠራው ግን ከትምህርታቸው ይልቅ በትምህርታቸው ማብቂያ ነበር። ሰብከው ሲጨርሱ «ጌታን የምትቀበሉ ወደ ፊት ኑ» ሲሉ ድንጋይ ልብ ያለው ሰው ሳይቀር ይነሣል ይባል ነበር። በሌላ ከተማ ያሉ ጉባኤያት ለዚህ ብቻ ይጋብዟቸው ነበር። እርሳቸውም፣ እውነቱ ይነገር፣ ይህ ዝና አላስጠላቸውም።

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ወር ወይዘሮ ገበያነሽ ለዓይናቸው ሕክምና መሐል ሜዳ መጥተው በልጃቸው ቤት ሰነበቱ። እሑድ ሲደርስ «ልጄ ሲያስተምር ሰምቼው አላውቅም» ብለው ተከትለው ሄዱና ከኋላ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የዚያን ዕለት አገልግሎቱን ሊጎበኙ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ከፊት ተደርድረው ነበር። ወንጌላዊው አስተምረው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ጠሩ። የተነሣ ሰው የለም። መዘምራኑ ያንኑ መዝሙር ዝቅ አድርገው ደገሙት፤ እርሳቸውም ጥሪውን ደገሙት። አሁንም ዝም። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንጌላዊው ፊታቸው በላብ ተጠምቆ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ እያሉ መለመን ያዙ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ገበያነሽ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ከወንበሩ ሥር ተዉ፤ ሰውን እየያዙ ወደ ፊት መጡ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከልጃቸው ፊት ሲደርሱ ጎንበስ ብለው የሚሳለሙት መስቀል ፈለጉ፤ መስቀል አልነበረም። ልጃቸው እናታቸውን አቅፈው በደስታ አለቀሱ። የጉባኤው ሽማግሌ አቶ ምንይሉም ማይክሮፎኑን ተቀብለው የመሪጌታ ሚስት ዛሬ ጌታን ተቀበሉ ሲሉ አወጁ። ወጣቶቹ በስልካቸው ቀረጹት።

ምሳ ላይ ልጃቸው ደስታቸውን ሊካፈሉ ሲቀመጡ እናት ግራ ገባቸው። «ምኑን ነው የተቀበልኩት? ጠርተህ ጠርተህ ሰው ሲጠፋ አንጀቴ አልችል አለኝ። በሰው ፊት ልትዋረድብኝ ሆነ። ሌላው እንቢ ቢልህ እኔ እናትህ ቁጭ ብዬ ልይህ?» አሉ።  ወንጌላዊው ከዚያን ቀን በኋላ ያቺን ምሳ ጨርሰው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወይዘሮ ገበያነሽ ወደ ሞላሌ ሲመለሱ ምስሉ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። የማርያም ማኅበርተኞቻቸው ጽዋውን ሲያዞሩ እርሳቸውን ዘለሏቸው። የነፍስ አባታቸውም ከሃይማኖት ወጥቶ የተመለሰ ሰው የሚጠመቀውን የቄደር ጥምቀት ካልተጠመቁ በቀር እንደማይናዝዟቸው ነገሯቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ተጠምቆ ይገላገል ነበር። እርሳቸው ግን የመንዝ ሴት ናቸው። «ካልወጣሁበት ቤት ምን ብዬ ነው የምመለሰው? ብጠመቅ እኮ ክጄ ነበር ማለቴ ነው» ብለው ከአቋማቸው ንቅንቅ አላሉም። በየሰንበቱ እየሄዱ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ነበር።

ልጃቸው ወደ ደብሩ ሄደው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። እናቴ ለኔ ስትል ነው እንጂ ከእምነቷ አልወጣችም ብለው ማሉ። ሽማግሌዎቹም ያወጀው ያንተ ጉባኤ ነው፤ ያንተ ጉባኤ ያፍርሰው ሲሉ መለሱላቸው። ወንጌላዊው ወደ ጉባኤያቸው ተመልሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመኑ። ወይዘሮ ገበያነሽ ከእኛ አይደሉም ተብሎ በዚያው ማይክሮፎን እንዲነገር ጠየቁ። መንፈስ ቅዱስ ያደረገውን ሰው አያፈርሰውም ተባሉ። እንዲህ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንዱ ወገን እኒህን አሮጊት አልቀበልም አለ፤ ሌላው አለቅም አለ። ሁለቱም በእግዚአብሔር ስም ነው ያሉት።

ወይዘሮ ገበያነሽ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሳይናዘዙና ሳይቆርቡ አረፉ። የደብሩ በር ተዘጋባቸው። ባላቸው አጠገብ የነበረችው ያቺ ቦታ ባዶዋን ቀርታ እርሳቸው በአይሱዙ ተጭነው መጥተው፣ ዛሬ በቆማችሁበት በዚህ የአማኞች መቃብር፣ ያለ ፍትሐት፣ በማያውቁት መዝሙር ተቀበሩ። የዚያን ዕለት ለቀብር የመጡትን ዘመዶቻቸውን፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ ጉባኤው በሬሳቸው ላይ ሆኖ ጌታን የሚቀበል ወደ ፊት ይምጣ ብሎ ጠራ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይህን ይቅር ለማለት ብዙ ሞክረዋል፤ አልሆነላቸውም።

ከእናታቸው ቀብር ወዲህ ወንጌላዊ ይሥሐቅ ወደ ፊት ኑ ብለው ጠርተው አያውቁም። አስተምረው ሲያበቁ ይጸልዩና ያመነ፣ የተጠራጠረም ሰው በሳምንቱ ቀናት ቤቴ ይምጣ፣ እንነጋገር ብለው ያሰናብቱ ነበር። ለጉባኤው ሽማግሌዎችም በስብሰባ ያስረዱት እንዲህ በማለት ነው። የኛ አገር ሰው ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ የሚል፣ በሰው ፊት ተጠርቶ እንቢ ማለትን እንደ ነውር የሚቆጥር ሕዝብ ነው። በመዝሙር አለስልሰን፣ ዓይን ሁሉ እያየው፣ ተነሥ ስንለው የሚነሣው እምነቱ ይሁን ይሉኝታው በምን እናውቃለን? እናቴን ያስነሣት ይሉኝታ እንኳ አልነበረም፤ ለኔ ማዘኗ ነው። ሐዋርያት ሰው አስተማሩ፣ አጠመቁ እንጂ መዝሙር እያስደገሙ መድረክ ሥር አሰልፈው አልቆጠሩም።

አቶ ምንይሉ ይህን አልተቀበሉም። እርሳቸው መጠጥ አፍርሷቸው፣ ትዳራቸው ሊበተን ደርሶ ሳለ በዚያው ጥሪ ተነሥተው ነበር ከጉባኤው የተቀላቀሉት። «ያን ቀን ባትጠራኝ ኖሮ በነጋታው የለሁም። አንተው ነህ የጠራኸኝ፤ አሁን በሩን ዘግተህ ለሌላው ልትከለክል ነው?» ብለው በዕንባ ተናግረዋል። ወንጌላዊው ይህን አልካዱም፤ ወደ ጥሪው ግን አልተመለሱም። የአቶ ምንይሉ መዳን እውነት መሆኑን ይህን የጻፉት እኅትም አይክዱም። አንድን ሰው ያዳነ ነገር ሌላዋን ምን እንዳደረጋት ግን በዚያ ስብሰባ ላይ የጠየቀ አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. ጉባኤው ወንጌላዊውን ከአገልግሎት አሰናበተ። ምክንያቱም ነፍሳት መምጣት አቁመዋል የሚል ነበር። የመሠረቱት ሰው ከመሠረቱት ቤት ሲወጡ የሸኛቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተማሪዎችን ትምህርት እያስጠኑ፣ ጥቂት በጎች እያረቡ፣ የመጣውን ሰው በቤታቸው እያስተናገዱ ኖሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናታቸው መቃብር ዘንድ ሄደው ይቀመጡ ነበር። እርሳቸው እዚያ የሚሉትን ማንም አልሰማም።

ወንጌላዊ ይሥሐቅ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በመሐል ሜዳና በደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተው፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜም መድኃኒት እያቋረጡ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አርፈዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እስከዳር፣ ከልጆቻቸው ከጽናትና ከታዲዮስ፣ ከእኅታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ተለይተዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አቶ ምንይሉና የጉባኤው ሽማግሌዎች ለቅሶ ደርሰው ነበር። መጽናኛ ከተናገሩ በኋላ ከሞላሌ ብዙ ዘመድ እንደሚመጣ ጠቅሰው፣ ይህን የሚያህል ወንጌል ያልሰማ ሕዝብ ተሰብስቦ አይገኝምና በመቃብሩ ላይ አጭር ጥሪ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ሟች ግን ከመሞታቸው በፊት ለልጃቸው ለጽናት የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእናቴ ሬሳ ላይ የተደረገው በኔ ላይ እንዳይደረግ ብለዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ አልፈቀደም።

ከሞላሌም ከመሐል ሜዳም የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ዛሬ እጅ አውጡ የሚላችሁ የለም። አፈር ማልበስ የፈለገ ይቅረብ፤ ያልፈለገም ከቆመበት ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የወንጌላዊው ወገኖች ለሞተ ሰው እንደማይጸልዩ ይታወቃል። እኅታቸው ግን የመሪጌታ ልጅ ናቸውና ይጸልያሉ። ዛሬ ከእናቱ ጎን የሚያርፈውን የይሥሐቅን ነፍስ፣ ካህን ላላገኙት ለወይዘሮ ገበያነሽም ነፍስ፣ እግዚአብሔር አንድ ላይ ዕረፍት ይስጥልን። አሜን የሚል ባለበት ቆሞ ይበል።