ለስምንት ሰዓት ከአርባ የተቀጠረው ጭፈራ

ለተከበሩ አቶ ግሩም
የሠርግ አዳራሹ የፕሮግራም ኃላፊ
መሪ ሰፈር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የእጅ ሰዓትዎም አንዲት ሰከንድ የማትዛነፍ ትሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጥር ወር ሁለተኛው እሑድ በአዳራሽዎ ለተሞሸረችው ለትሕትና አክስቷ ነኝ። ምናልባት ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ከድምፅ ማጉያው ኋላ፣ ጠረጴዛ ሠላሳ አንድ ላይ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ለብዙ አለቆች የምስጋና ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና መትቻለሁ። ይህንን ግን ያዘዘኝ ሰው የለም። በአደባባይ መጻፌም ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ትሕትና የታናሽ እህቴ የመሠረት ልጅ ናት። መሠረት ስታርፍ ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ሄዷል። እጇን ይዤ ወሰን ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣኋት። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ «ልጅ የለሽም?» ሲሉኝ ግን «አለችኝ» እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሰሃን በላን። እንድርያስን ልታገባ ስትል ከእናንተ ጋር ፕሮግራሙን አውጥታ አሳየችኝ። «የእናትና የሙሽሪት ጭፈራ፣ 8፡40፣ አራት ደቂቃ» ይላል። «እቴቴ፣ ይሄ ያንቺ ነው» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋውን ወደ ግድግዳ እየገፋን ተለማመድን። ትከሻዬ ሁሉን ረስቶ ኖሯል፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቅብኝ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ምሳው ሰዓት። በወርቃማ ቀለም የታተመው ፕሮግራማችሁ ምሳ በሰባት ሰዓት ተኩል እንደሚቀርብ ይናገራል። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ፀሐዬ እንጦጦ ላይ ገብስ የሚያርሱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የታተመ ነገርም ያምናሉ። ስለዚህ በሰባት ከሩብ መድኃኒታቸውን ተወጉ። በዚያው ሰዓት ሙሽሮቹ ጋሼ ጠዋት በወረዱበት ተራራ ላይ ባሕር ዛፍ ተደግፈው ፎቶ ይነሡ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ደስታ ሰዓት አያይም። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ግን ሙሽሮቹ ገብተውም ምሳው አልተከፈተም ነበር።

፪ኛ. ስለ መልስዎ ትሕትና። የጋሼ ግንባር በላብ ራሰ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አይኔ፣ ጨለመብኝ» አሉኝ በቁልምጫ ስሜ። ጠረጴዛው ላይ ከውኃ በቀር ምንም የለም፤ ለስላሳ በሥርዓታችሁ መሠረት ከምግብ ጋር ነው የሚወጣው። ወደ እርስዎ መጥቼ፣ «ወንድሜ ስኳራቸው እየወረደባቸው ነው፤ የሚጣፍጥ ነገር ልፈልግላቸው ወደ ኋላ መውጣቴ ነው፤ ከጭፈራው በፊት እመለሳለሁ» ብዬ ነገርኩዎ። ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሡ፣ «ችግር የለም እማማ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እናስጠራዎታለን» አሉኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ «እማማ» ስላሉኝም አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ስለ ሠራተኞችዎ ታዛዥነት። ጋሼን ደግፌ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው ድንኳን ወሰድኳቸው። ድስቶቹ ተደርድረው፣ ሽታው ድንኳኑን ሞልቶ፣ አስተናጋጆቹ ግን «የአቶ ግሩም ትእዛዝ ሳይመጣ ክዳን አይነሣም» አሉኝ። እውነትም አልተነሣም። ብርጭቆ ታጥብ የነበረች ሴት ሰምታን ኖሮ፣ ለራሷ የቀዳችውን ሻይ አምጥታ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበት፤ «እንኪ፣ ቶሎ አጠጫቸው» አለችኝ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም።

ወገባቸውን በአንድ እጄ ይዤ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ከበሮው ተመታ። ዜማውን በመጀመሪያው ምት ለየሁት፤ ሁለት ወር የለመድኩት ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ከሃያ አምስት ይላል። ለካ ማታ ሌላ ሠርግ ስላለባችሁ የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ጭፈራውን ከምሳው አስቀድመውታል። «ሂጂ፣ ሂጂ እንጂ!» አሉኝ ጋሼ። እንዴት ልሂድ? ብለቃቸው ከወንበሩ ይወድቃሉ። ሻዩን በጉንጭ በጉንጭ እያጠጣኋቸው የራሴን ጭፈራ በድንኳን ሸራ ውስጥ አደመጥኩት። አራት ደቂቃ ብዙ ነው፣ አቶ ግሩም። እኔ አጭር ይመስለኝ ነበር።

፬ኛ. ስለ ፈጣን መፍትሔዎ። ይህንን ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቪዲዮው ሲደርሰን ነው። «የሙሽሪት እናት ወደ መድረክ!» ተብሎ ሁለት ጊዜ ይጠራል። ትሕትና መሐል ላይ ብቻዋን ቆማ ወደ ድምፅ ማጉያው በኩል ታያለች። ቀጥሎ የእርስዎ ድምፅ ይሰማል፤ «አንቺ፣ ነጠላሽን ተከናነቢና ግቢ፤ ክፍት እንዳይታይ።» ከባንዱ ተወዛዋዦች አንዷ፣ ከትሕትና የማትበልጥ ልጅ፣ የእኔን ቦታ ይዛ ወረደችበት። አይዋሽም፣ ከእኔ በጣም ትሻላለች። በእኛ መሥሪያ ቤት አንዲት ጸሐፊ ፈቃድ ስትወጣ ተተኪ ለመመደብ ሦስት ወር ይፈጅ ነበር፤ እርስዎ ለእናት ተተኪ በአሥራ ሁለት ሰከንድ አገኙ። ቆጥሬዋለሁ።

ጋሼ ነፍስ ሲዘሩ ሮጬ ገባሁ። ልጄ «እቴቴ፣ የት ነበርሽ?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ማይክሮፎኑ «አሁን ኬክ ነው፤ ቤተሰብ ወደ ኋላ!» አለ። ወደ ኋላ ሄድኩ።

ጋሼ በዚያው ዕለት «በሠርጓ ቀን በእኔ የተነሣ እንዳታዝን፤ እንዳትነግሪያት» ብለው አስማሉኝ። ማልኩ። ስለዚህ ትሕትና ሦስት ሳምንት ሙሉ አክስቴ ቀረችብኝ ብላ ኖረች። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በሁለት ቀን፣ ከዚያ እሑድ እሑድ። ቪዲዮውን ይዛ መጥታ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ሲያልቅ፣ «አፍረሽ ነው? ወይስ መሄዴን ጠልተሽ አኮረፍሽኝ?» አለችኝ። ያን ጊዜ መሐላዬን አፈረስኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

አለቀሰች። ቀጥላ ዓይኗን ጠርጋ ብድግ አለች፤ «ተነሺ እቴቴ፣ አሁን እንጨፍር።»

«ጉልበቴን አሞኛል» አልኳት።

ጉልበቴን አላመመኝም ነበር። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያቺን ልጅ በቦታዬ ስትጨፍር ካየሁ በኋላ ሰውነቴ እንቢ አለኝ፤ ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በማካካሻ መጨፈርን ናቅሁት። ትሕትና አየችኝና ተቀመጠች። በር ላይ እንድርያስ ክላክስ አደረገ። «በሌላ ቀን» ብላ ጉንጬን ስማ ወጣች። ይህቺ ጥፋት የራሴ ናትና በእርስዎ ተራ ቁጥር ውስጥ አላስገባኋትም።

አሁን ምሳዬን አንድ ቀን በስድስት፣ አንድ ቀን በአሥር ሰዓት እበላለሁ፤ የምጠብቀውም የሚጠብቀኝም የለም። በዚህ ረገድ ቤቴ ከአዳራሽዎ የተሻለ ነፃነት አለው።

ልመናዬ ትንሽ ነው፦ ወደፊት በምታወጡት ፕሮግራም ውስጥ ምንም ያልተጻፈባት ሩብ ሰዓት ብትተዉ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበትም ምሳ እስኪደርስ አንዳንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብታስቀምጡ፣ ደግሞ አንዲት ሴት ቦታዋ ላይ ባትገኝ ክፍቱን ከመድፈናችሁ በፊት አንድ ሰው «የት ሄደች?» ብሎ ቢጠይቅ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሰዓት አክባሪነትዎ ለመጪው ትውልድ ይተርፍ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከድምፅ ማጉያው ኋላ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

አይናለም ከበበ
ጡረተኛ የቢሮ ጸሐፊ፣ ወሰን

ግልባጭ፦
ለጋሼ ፀሐዬ (ዓይናቸው ስለደከመ እኔው አነብላቸዋለሁ)
ለትሕትና

ማስታወሻ፦ ትናንት ከአዳራሽዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ። «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ ቀጣይ ልጅዎን ሲድሩ አሥር በመቶ ቅናሽ እናደርጋለን» ይላል። ቅናሹን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ፤ እኔ ያለችኝ አንዲት ብቻ ነበረች።