የአቶ ወንዳወቅ አሥራተ ማርያም የሕይወት ታሪክና የስድስቱ አረንጓዴ ምድጃዎች ጉዳይ

ለቀብሩ የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በታላቅ አክብሮት የሚገለጸው፣ የአቶ ወንዳወቅ አሥራተ ማርያም ሱቅ በር ከፊት ለፊቱ ካለው ከአቶ ካሤ ገብረ ኪዳን ሱቅ በር በአንድ ስንዝር ከአራት ጣት ይሰፋ የነበረ መሆኑ ነው። ልኩም በ1987 ዓ.ም. ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት በገመድ ተለክቷል። አቶ ወንዳወቅ ይህ ነገር ከልደታቸው ታሪክ አስቀድሞ እንዲነበብላቸው ተናዘው ነበርና ቃላቸው ተፈጽሟል።

አቶ ወንዳወቅ ከአባታቸው ከአቶ አሥራተ ማርያም ዋሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምብርሃን ምንዋጋው፣ በደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ግንቦት 9 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። አቶ ካሤም በዚያችው መንደር በዚያው ዓመት ተወልደዋል፤ ግን በሚያዝያ። ይህች የአንድ ወር ብልጫ አቶ ወንዳወቅን ዕድሜ ልካቸውን ስትቆጠቁጣቸው ኖራለች። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሁለቱም በአንድ የኔታ እግር ሥር ተቀመጡ። ካሤ ዳዊት ደግመው የጨረሱ ዕለት እናታቸው ጠላ ጠምቀው ጎረቤት ጠሩ፤ ወንዳወቅ ገና ግማሹ ላይ ሳሉ እናታቸውን ጠላ አስጠመቁ።

በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ መሰረት አጥናፉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ካሤ በሦስት ሚዜ አግብተው ስለነበር እርሳቸው በሰባት ሄዱ፤ የሙሽራይቱ ዘመዶችም ሠርገኛ ሳይሆን ዘማች የመጣባቸው መስሏቸው ደንግጠው እንደነበር ይነገራል። ከዚህ ቅዱስ ጋብቻ ሶስናን፣ ትእዛዙንና ደጅይጥኑን አፍርተዋል። አቶ ካሤ በ1983 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ ሱቅ ሲከፍቱ፣ አቶ ወንዳወቅ ዓመት ሳይሞላ በሬዎቻቸውን ሸጠው ፊት ለፊት ከፈቱ። ካሤ ስኳር ሲያመጡ እርሳቸውም ስኳር፣ ካሤ ፋኖስ ሲሰቅሉ እርሳቸውም ፋኖስ። ሆኖም በሚዛን ሰው አጭበርብረው እንደማያውቁ ጠላት እንኳ ይመሰክርላቸዋል።

በ1995 ዓ.ም. አቶ ካሤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ በፓምፕ የሚሠራ የላምባ ምድጃ አመጡ። ማገዶ በተወደደበት ከተማ ሰው ተሻማበት። አቶ ወንዳወቅ እህል አልበላ አላቸው። በመጨረሻም ካሤ ከገዙበት ከዚያው ጅምላ አከፋፋይ ስድስት ምድጃ በድብቅ አስመጡ፤ ጓሮ ገብተውም አረንጓዴ ቀለም ቀቧቸው። «የካሤ ተራ ዕቃ ነው፤ ይኼ በሌላ አገር፣ በሌላ ብረት የተሠራ ነው» እያሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሸጠው ጨረሱ።

ኅዳር 1996 ዓ.ም. በገበያ ቀን፣ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው አቶ ቢያዝን ከጭነት መኪና ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ ደብዳቤ አነበቡ። የሰማያዊው ምድጃ ብየዳ እየለቀቀ ላምባ ያፈሳል፤ በሌላ ከተማ አንዲት ሴት ተቃጥላለች። ስለዚህ የሸጠ ነጋዴ ፈልጎ ይሰብስብ፤ ያልሸጠ «አልሸጥኩም» ብሎ ይፈርም። አቶ ካሤ ከሕዝቡ መሀል እጃቸውን አወጡ። «አሥራ ስምንት ሸጫለሁ፤ አንድ ሳላስቀር እሰበስባለሁ» አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ በዚያ የነበሩ አንድ ካህንም መረቋቸው።

«በጥፋቱ የሚጨበጨብለት ሰው ዛሬ አየሁ!» አሉ አቶ ወንዳወቅ ለባለቤታቸው።

«አንተስ ምድጃ ሸጠህ የለም እንዴ?» አሏቸው ወይዘሮ መሰረት።

«የእኔ አረንጓዴ ነው!»

እውነቱን ቢናገሩ የካሤን ዕቃ ቀለም ቀብተው መሸጣቸው ይወጣል። ዝም ቢሉ ስድስት ቤት ሊቃጠል ነው። ፈረሙ፦ «አልሸጥኩም።» በማግሥቱ ሱቃቸውን ዘግተው ምድጃዎቹን ፍለጋ ወጡ።

ነገር ግን በእኛ አገር ነጋዴ የሸጠውን መልሶ ሊገዛ ቤት ድረስ ከመጣ፣ የዕቃው ዋጋ ሊሰቀል ነው ማለት ነው፤ በማርም በፍየልም የታየ ነው። አቶ ወንዳወቅ ዋጋ ጨምሬ ልግዛ ባሉ ቁጥር ባለቤቶቹ ምድጃውን አጥብቀው ያዙ። አንዱማ የማሽላ ጎታ ውስጥ ቀበረው። አንዱን በሁለት ፋኖስ፣ አንዱን በጠቦት፣ ሌላውን በልመና እያሉ አምስቱን አስመልሰው ጓሯቸው ውስጥ በመዶሻ ጨፈላለቋቸው። ስድስተኛው አምደወርቅ ሻይ በሚሸጡት በወይዘሮ ተዋበች እጅ ነበር።

«እትየ ተዋበች፣ ምድጃዎን ይመልሱልኝ፤ ሁለት እጥፍ እከፍላለሁ» አሉ።

«አንተ ወንዳወቅ፣ ምን ሸተተህ? ሦስት እጥፍ ብትልም አልሰጥ!»

«ያፈሳል፣ እትየ።»

«የሚያፈሰው ሰማያዊው የካሤ ነው። ይኼ በሌላ ብረት የተሠራ ነው ብለህ የማልክልኝ ማን ነበር፣ አባትህ?»

አቶ ወንዳወቅ ወደ ምድጃው አዩ። በብየዳው ሥር ላምባው ጠብ ጠብ ይል ነበር። «ይኼም የካሤው ነው» ማለት ነበረባቸው፤ አራት ቃል እንኳ አይሞላም። አፋቸውን ከፈቱ፣ የወጣው ግን «አራት እጥፍ!» ብቻ ነበር። ወጥተው ወደ ሰቆጣ የሚመለስ መኪና ላይ ተሳፈሩ። መኪናው ሰው እስኪሞላ ረጅም ሰዓት ጠበቁ፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን «አውርዱኝ!» ብለው ጮኹ፤ ዘለው ወርደው እየሮጡ ተመለሱ። ሊናገሩ ቆርጠው ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ አቶ ካሤን በቅሏቸውን አስረው፣ ምድጃውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኟቸው። ካሤ የራሳቸውን ሊሰበስቡ መጥተው ሻይ ሊጠጡ ጎራ ብለው ነበር። አረንጓዴውን ቀለም በጥፍራቸው ፍቀውታል፤ ከሥሩ ሰማያዊ ወጥቷል። ወይዘሮ ተዋበች ካሤ በምትኩ የሰጧቸውን ሌላ ዓይነት አዲስ ምድጃ እያገላበጡ ያያሉ። ካሤ ቀና ብለው አዩአቸው።

«ና ግባ» አሉ። «ሻይ ጠጣ። እኔ እከፍላለሁ።»

አቶ ወንዳወቅ ጠጡ። የዚያን ሻይ ሒሳብ ካሤ መክፈላቸውን ግን ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

አቶ ካሤ ዕቃውን ሲያስረክቡ አቶ ቢያዝን ግራ ገባቸው። «አሥራ ስምንት ሸጠው እንዴት አሥራ ዘጠኝ ሰበሰቡ?» ቢሏቸው «ቆጠራ አልችልም» አሉ። በሪፖርቱ ላይም ክንውኑ 105.6 በመቶ ተብሎ ተጻፈ፤ ዕቅዳቸውን ከታቀደው በላይ በመፈጸማቸው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ ሱቃቸው ውስጥ ተሰቀለ፤ አቶ ወንዳወቅም ከባንኮኒያቸው ሆነው፣ በዚያ በራሳቸው ሰፊ በር በኩል በየዕለቱ ያነቡት ነበር።

አቶ ወንዳወቅ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የስኳር ሕመም በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 23 ቀን 2001 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ቤተሰቡን ሰብስበው የምድጃዎቹን ነገር አንድ በአንድ ተናገሩ። ልጃቸው ሶስና «አባዬ፣ ይኼ በሰው ፊት ይነበባል እንዴ?» ብትላቸው «ይነበብ» አሉ፤ «ካሤም ይስማ። እኔ እንደሆንኩ አልሰማውም።»

አቶ ወንዳወቅ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የጎረቤት ጸጋ በማያስቀናበት አገር፣ ከደጋጎቹ ጎን፣ አምላክ ለነፍሳቸው ሰፊ ቦታ ይስጥልን፤ እኛንም ያጽናን።

እስከዚህ ያለው ጽሑፍ ዛሬ ጧት ከመነበቡ በፊት ለአቶ ካሤ ታይቷል። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ወይዘሮ መሰረት «አያ ካሤ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?» ብለው ጠየቋቸው።

«አልናገርም» አሉ አቶ ካሤ።

«እኔ እንኳ ማወቅ አይገባኝም? ባሌ እኮ ነው።»

«አልናገርም ብያለሁ» አሉ፤ የቃሬዛውንም የፊት ጫፍ ያዙ።