የታጠበው ደረጃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ካለህበት ይግባልህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ የጠፋው ውሃ ብቻ ነው።

ቢመጣ በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም እንደ ሹም ሳይናገር መጥቶ ሳይሰናበት ይሄዳል። የፀጉር ቤቴ ደንበኞች የሚታጠቡበትን በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። "ሻምፑው ካንቺ፣ ውሃው ከኛ" እያሉ ይስቁብኛል።

እማዬን ታውቃታለህ፤ ጥርስህን ስትቦርሽ ቧንቧ ከፍተህ ከረሳህ በጥፊ ነበር የምትልህ። ልብስ ያለቀለቀችበትን እንኳ ለሽንት ቤት ታስቀምጥ ነበር። ትናንት ከሥራ ስመለስ ደረጃው ከላይ እስከ ታች ያብረቀርቃል። ሳምንቱን ያጠራቀምነውን በርሜል ሙሉውን ገልብጣ ስታጥብ ውላለች። ጎረቤቶች ባዶ ባልዲያቸውን ይዘው በየበራቸው ቆመው ያዩዋታል። መቆጣት አቃተኝ። መጥረጊያውን ተቀብያት "ለማን ብለሽ ነው እማዬ?" አልኳት።

"ወንድምሽ ዛሬ ይመጣል አይደል? ጫማው እንዳይቆሽሽ ነዋ!" አለችኝ፣ የማላውቅ ሞኝ አድርጋ እያየችኝ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ልጆችህን በየጉንጫቸው ሳምልኝ፤ ጤናህን ጠብቅ።

እመጣለሁ ብለሃት ነበር አይደል? እባክህ፣ "ብያታለሁ" በለኝ።

እህትህ