ዓሣዎቹን ጸበል ያጠጣሁት እኔ ነኝ

እኔ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ምንዳዬ፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት የሆነኝ፣ ኩላሊቴ እንጂ አእምሮዬ ያልታወከ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ዛሬ ዓርብ ኅዳር 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በካርቱም ባሕሪ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ ስማቸው ከታች በሰፈረው ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፈው መምህር ናሆም ነው። እኔ እንደምናገረው እንዲጽፍ፣ እንዳያሳምርልኝም ነግሬዋለሁ።

ወዳጄ ሸዋአለም ፊቴን እያየች «ይቺ ሴትዮ ልትናዘዝ ነው ልትዳር?» ብላ ምስክሮቹን ሁሉ አሳቀቻቸው። ይሳቁ! ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬ አላስተኛኝም። እሑድ ሆስፒታል እገባለሁ፤ መውጣቴን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ያቃጠለኝን ነገር ምክንያቱን አግኝቼዋለሁና ሳልናገር አልሄድም።

አስቀድሞ፣ በ2006 ዓ.ም. ያደረግኩት ኑዛዜ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። በዚያ ኑዛዜ ውስጥ «የልጄ የሓዚም ሚስት ራዛን ከንብረቴ አንዳች እንዳትነካ፣ ደጄንም እንዳትረግጥ» የሚል ቃል አለ። ያን ቃል ያናገረኝ ቁጣ ነው። ናሆም፣ «ተሽሯል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምርበት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሳሎን ውስጥ ያለው፣ ሰባ ሊትር የሚይዘው የመስታወት ገንዳ የሟቹ ባለቤቴ የሰላሕዲን ነው። ሰላሕዲን የፖርት ሱዳን አውቶብስ ሾፌር ነበር። በተመለሰ ቁጥር ከቀይ ባሕር በጀሪካን ውሃ ቀድቶ ይመጣል፤ ተሳፋሪው ሻንጣውን ሲያወርድ እርሱ ባሕሩን ያወርዳል። ነጭ መቀነት የታጠቁትን ሁለቱን ብርቱካናማ ዓሣዎች ያመጣቸውም እርሱ ነው። «አንቺ የደጋ ልጅ፣ ባሕር አታውቂም፤ ይኸው ቤትሽ ድረስ አመጣሁልሽ» ይለኝ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሕመሙ ሲጸናበት ጸበል ይዤለት መጣሁ። ሙስሊም ነው፤ ጠጣ አላልኩትም፤ ጠርሙሱን ብቻ ራስጌው አኖርኩት። አይቶት ሳቀ። «እኔ ዘምዘሜን ጠጥቻለሁ፤ ይህን ለዓሣዎቼ ስጪልኝ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ቀልድ ነበር እኮ! እኔ ግን የመጨረሻ ቃሉ ነው ብዬ ያዝኩት።

በካርቱም ሙቀት ውሃ እንዴት እንደሚተን ለናንተ አልነግርም። ከገንዳው በየቀኑ አራት አምስት ኩባያ ይጎድላል። የጎደለውን በየማለዳው በጸበል መሙላት ጀመርኩ። በጀሪካን አስመጣለሁ፤ ሲያልቅ ሌላ አስመጣለሁ። በመስከረም መስታወቱ ላይ እንደ ፀጉር የረዘመ አረንጓዴ ነገር በቀለ። አልጌ ነው አሉኝ። በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። መብራቱን ቀነስኩ፤ ድንጋዮቹን አውጥቼ አጠብኩ፤ ይበላዋል ብለውኝ ከፖርት ሱዳን ቀንድ አውጣ አስመጣሁ። ወላሂ፣ ቀንድ አውጣው ራሱ አረንጓዴ ሆነ!

ያን ጊዜ ሓዚምና ራዛን እዚሁ ከእኔ ጋር ይኖሩ ነበር። ራዛንም እንደ ልጆቼ እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ ናት። ዓሣዎቹን መመገብ ትወድ ነበር። «ምግብ የምታበዢው አንቺ፤ የሰላሕዲንን ገንዳ ያበላሸሽው አንቺ» እያልኩ ቁም ስቅሏን አሳየኋት። በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ እንግዳ ባለበት፣ «እጅሽ የነካው ሁሉ ይበሰብሳል» አልኳት። በዚያው ወር ፅንስ አስወርዷት ነበር። ዐውቅ ነበር። ዐውቄ ተናገርኩት። በማግስቱ ሓዚም ዕቃቸውን ጭኖ ኦምዱርማን ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ። ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ አልጋ ላይ ስውል ጸበሉን የሚያስመጣ ጠፋ። ልጄ ኢንሷፍ ገንዳው እንዳይደርቅ ሰግታ፣ እዚሁ ሠፈር የመኪና ባትሪ የሚሠራውን ጎረቤታችንን አብዱልሰላምን አማከረችው። «ውስጡ ምንም የሌለበት ውሃ እኔ ጋ አለ፤ ባትሪ ሲጎድል የምንጨምረው» ብሎ ሰጣት። እርሷም ለእኔ ሳትነግረኝ በእርሱ ስትሞላ ከረመች። በመስከረም በርትቼ ተነሥቼ ሳሎን ብገባ፣ እናንተ ሰዎች! በገንዳው ውስጥ ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ይታያል! ዓሣዎቹ ይታያሉ! «ኢንሷፍ፣ ማን አጠበው?» ብዬ ጮኽኩ። «ማንም» አለችኝ።

በወሬ ብቻ አላመንኩም። ሁለት የማር ጠርሙስ አስመጣሁ። በሁለቱም የገንዳውን ውሃና ከድንጋዩ ስንጥቅ የቀረችውን ጥቂት አረንጓዴ እኩል አድርጌ ጨመርኩ፤ አንድ መስኮት ላይ አኖርኳቸው። አንደኛው ሲጎድል በጸበል፣ ሁለተኛው ሲጎድል በባትሪ ውሃ ሞላሁ። ልብሴን ሳልለብስ እየተነሣሁ አያቸው ነበር። በሃያ አምስተኛው ቀን የጸበሉ ጎመን ሆነ፤ ያኛው ኩልል ብሎ ጠራ። ይኸው ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ምስክሮች በዓይናቸው አይተዋል።

ምስክሬ አቶ ወልደሥላሴ «ጸበል እንዴት ያበላሻል?» ብለው ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል። ጸበሉ ምን አደረገ? ጸበል ለሰው ነው። እዚህ ካርቱም ካህኑ የሚባርኩት ውሃ የተቀዳው ከቧንቧ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ከዓባይ ነው፤ ዓባይ ደግሞ የኛኑ አገር አፈር ተሸክሞ ይመጣል። ውሃው ይተናል፤ የተሸከመው ግን አይተንም፤ ዕለት ዕለት እየተጠራቀመ አረንጓዴውን ይቀልበዋል። ስትቀልበው የኖረችው ራዛን አይደለችም፤ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ንብረቴን እንዲህ ደልድያለሁ። በዚህ ቤት ያለኝ ድርሻ ለሓዚምና ለኢንሷፍ እኩል ይሁን። በሱቅ ዐረቢ ገበያ ያለችው የቅመም መደቤ ለኢንሷፍ ብቻ ትሁን፤ ዐሥራ አንድ ዓመት በፀሐይ አብራኝ ቆማለች፤ ሓዚም ግን ቅመም ያስነጥሰኛል እያለ አንድ ቀን አልመጣም። የወርቅ ጉትቻዬ ለራዛን ነው። ገንዳው ከነዓሣዎቹ፣ ከነመብራቱና ከነቀንድ አውጣው ለራዛን ነው።

የገንዳው አያያዝ ይህ ነው። የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው አይደለምና፣ የጎደለው በባትሪ ውሃ ብቻ ይሞላ። አሲዱን አላልኩም! አብዱልሰላም ሁለቱንም ይሸጣልና ንጹሑን ብላችሁ ጠይቁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰባት ሊትር አሮጌ ውሃ ተቀድቶ ይውጣና በባሕር ውሃ ይተካ፤ የሰላሕዲን ባልደረባ ኦመር ከፖርት ሱዳን ያመጣል። መብራቱ በቀን ከስምንት ሰዓት አይለፍ። አረንጓዴው ብቅ ካለ በእጅና በብሩሽ ይነሣ፤ ሳሙና አይድረስበት፤ ደንግጣችሁም ውሃውን በሙሉ አትገልብጡ። ምግብ በቀን አንዴ፣ ቁንጥር ነው። ራዛን ከዚህ አብዝታ ሰጥታ አታውቅም፤ እኔ ነኝ ያበዛሁባት። ናሆም «ይህ እንኳ በኑዛዜ አይጻፍም» ይለኛል። ይጻፋል!

ቆይ፣ ብዕርህን አታስቀምጥ። በሩ ተንኳኳ። ኢንሷፍ ጠዋት ደውላላቸው ነበር፤ ይመጣሉ ብዬ አላመንኩም። ይህንም ጻፍ፤ ራዛን መጥታለች። ሓዚም ከኋላዋ ነው። ግቢ ስላት ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ናሆም እስካሁን የጻፈውን አነበበላት።

የካርቱም ልጅ ናትና አንቺ እያለች ነው የምታናግረኝ፤ እኔን ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ሰላሕዲንንም ዐሚ፣ አጎቴ፣ ትለናለች። «ኻልቶ፣ እኔ አውቅ ነበር» አለችኝ። «አንቺ ጸበል በጨመርሽ ቁጥር አረንጓዴው ይብሳል፤ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስድብ ስትሰሚ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትጨምሪ ከዐሚ ሰላሕዲን ጋር ታወሪያለሽ። በየቀኑ። ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። አቁሚ ብልሽ፣ ከማን ጋር ታወሪያለሽ?»

እርሷ ቀጠለች። «የሄድን ቀንም ሰማሁ። ‹ሰላሕ፣ ልጅቷን በደልኳት› አልሽው። እዚህ፣ በር ላይ ቆሜ ትንሽ ጠበቅኩ። ለእኔም ትነግሪኛለሽ ብዬ። ከዚያ ኻላስ፣ በቃ፣ ሄድን።»

ብያለሁ። አስታውሳለሁ። ለሞተው ነግሬ፣ በሬ ላይ ለቆመችው ሳልነግራት ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ናሆም «ይቅርታ ጠይቀዋል ብዬ ልጻፍ?» ይለኛል። አትጻፍ። ብዕርህን አሁን አስቀምጠው። ያላ፣ አንሡኝ፤ በሩ ድረስ ደግፉኝ።

አሁን ጻፍ። ነግሬያታለሁ። ራዛን ገብታ አጠገቤ ተቀምጣለች።

የተናዛዧ ፊርማ፦ ጸሐይወርቅ ምንዳዬ

እኛም ስማችን ከዚህ በታች ያለው ምስክሮች፣ ተናዛዧ ይህን ሁሉ በሙሉ አእምሮ ሲናገሩ ሰምተናል፤ ተነብቦላቸው ሲፈርሙም አይተናል። በሩ ላይ ለራዛን የነገሯትንም ሰምተናል። እርሱ ግን የእርሷ ብቻ ነው ስላሉን በዚህ ወረቀት አልሰፈረም።

ወልደሥላሴ (ፈርመዋል)
ሸዋአለም (ፈርማለች)
አብዱልሰላም (በዐረብኛ ፈርሟል)
ጸሐፊና ምስክር፣ መምህር ናሆም (ፈርሟል)