ችግሩ ከኔ ነው አልኳቸው

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለኤቢሴ አባት፣ ለሚልኬሳ

አካም ጂርታ? የቆላው ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ እዚህ በብርድ ተቆራምደናል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ያድራል፤ ሯጮቹ ግን እንደ ልማዳቸው በበራችን ያልፋሉ። ጾም ስለሆነ ወተት የሚገዛ ጠፍቷል። የተረፈውን እየናጥኩ ለገና ቅቤ አጠራቅማለሁ። ክንዴ ዝሏል፤ የዛለው ክንዴ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ደብዳቤ ስታይ እንዳትደነግጥ፤ ኤቢሴም እናትህም ደህና ናቸው። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ የልጅ ነገር ሳነሳ ኔትወርኩ ይጠፋብሃል። ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ ሳወራህ ግን ጥርት ብሎ ይሰማሃል፤ ጉድ እኮ ነው! ስለዚህ ጻፍኩ። የካምፓችሁ ሾፌር ሙሴ ነገ ስለሚመለስ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ኤቢሴ ሰባት ዓመት ሞላት። "ወንድሜ መቼ ነው የሚመጣው?" ትለኛለች፣ በሚኒባስ የሚመጣ እየመሰላት። አምስት ዓመት ሞከርን፣ ሚልኬሳ። እናትህ ያልወሰዱኝ ቦታ የለም። ቡራዩ ያለችው ወጌሻ "ማህፀንሽ ዞሯል" ብላ ሆዴን ስታሸኝ ሦስት ቀን ቀና ማለት አቃተኝ። ሰበታ ያሉት አዛውንት ደግሞ "ዓይነ ጥላ ነው" ብለው የሰጡኝን መራራ ሥር ጠጥቼ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወከኝ። ጸበሉንም ሁለት ሱባዔ ጨርሻለሁ። እናትህ ክፉ ሆነው አይደለም። በየጠዋቱ ራሴን እየዳበሱ "ዋቅኒ ሲፍ ሃኬኑ፣ እግዜር ይስጥሽ" ይሉኛል። እኔ ነኝ የደከምኩት። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ጨርቄን ከልብስ ሥር ደብቄ ማስጣት እንኳ ሰልችቶኛል፤ እናትህ ገመዱን እያዩ ያውቁብኛል።

ባለፈው ወር የጎረቤታችን የማሪቱ እህት የታከመችበት አዲስ አበባ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ዶክተር ኤልሳቤት ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ደም ሰጠሁ፣ በአልትራሳውንድ ታየሁ፣ ቱቦው ክፍት መሆኑንም በራጅ አዩት። እሱስ ያማል፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ትናንት ለውጤቱ ጠሩኝና "ላሊሴ፣ አንቺ ጋ ምንም ችግር የለም። እንቁላልሽም በጊዜው ይወጣል፣ መንገዱም ክፍት ነው። ባለቤትሽስ የት ነው?" አሉኝ።

"መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ግሬደር ይነዳል" አልኳቸው።

"እኔ የምፈልገው እሱን ነው። እስካሁን ያየሁት ግማሹን ብቻ ነው። አንዴ መውለዱ ማስረጃ አይሆንም፤ በመሃል የሚመጣ ነገር አለ። ከልጃችሁ በኋላ ጠንከር ያለ ሕመም ታሞ ያውቃል? ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር? እሱ ወደ ታች ከወረደ የወንድን ዘር ሊጎዳ ይችላል።"

ሚልኬሳ፣ ኤቢሴ ድክ ድክ የምትልበት ያ ሰሞን ትዝ አለኝ። አንገትህ አብጦ ፊትህ የሌላ ሰው የመሰለ ጊዜ። በአራተኛው ቀን እብጠቱ ወደ ታች ወረደ፤ ትኩሳቱ አንቀጠቀጠህ፣ መራመድ አቃተህ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስልህ "ሱሪዬን ለማን ላወልቅ ነው?" አልክ። ለሰው እንዳልናገርም በኤቢሴ አስማልከኝ። እናትህ የሚያውቁት አንገትህን ብቻ ነው፤ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹህ። የቀረውን የማውቀው ጨርቅ እያረጠብኩ አጠገብህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

"ኧረ እሱ ደህና ነው፤ ታሞ አያውቅም" አልኳቸው። በልጄ ምዬ ምን ልበል? ዶክተሯ ትንሽ አዩኝና "ለማንኛውም ይምጣ። ምርመራው ቀላል ነው፤ መርፌ እንኳ የለውም። ችግር ቢገኝበትም ብዙ ጊዜ መላ አለው" አሉኝ።

ቤት ስገባ እናትህና ማሪቱ ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። "እህ፣ ምን አሉሽ?" አሉኝ እናትህ። ማሪቱን ታውቃታለህ፤ የሰማችውን ሳይመሽ ጫንጮ ታደርሰዋለች። "ደህና ነሽ አሉኝ" ብል፣ ቀጥሎ "ታዲያ ከማን ነው?" እንደሚመጣ ገባኝ። "ችግሩ ከኔ ነው" አልኳቸው። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ማሪቱ ከንፈሯን መጠጠች። እናትህ በመቆጣት ፈንታ አቀፉኝ፤ ያን ጊዜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ማሪቱ ስትሄድ ግን አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ "ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሚልኬሳ እዚያው ካለበት አንዲት ሴት ይፈልግ። የሚወለደውን አንቺ ታሳድጊዋለሽ፣ ያንቺው ይሆናል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደውዬ እነግረዋለሁ" አሉኝ። በገዛ አፌ ያመጣሁት ነው። "እሺ፣ እማዬ" አልኩ።

እንግዲህ እሑድ ይደውሉልሃል። ላሊሴ ከእንግዲህ አትወልድም፣ ሌላ ፈልግ ይሉሃል። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ የምናውቀው አንተና እኔ ነን። እውነቱን ንገራቸው አልልህም። እኔም አልነግራቸውም፤ ሰው የሚለኝን እችለዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ። አንተ ግን ሲነግሩህ እሺ እንዳትላቸው። ያቺም ሴት ባትወልድስ? እሷንም ቡራዩ ወስደን ሆዷን ልናሳሽ ነው? ተናድጃለሁ፣ ሚልኬሳ። ፈርቻለሁም። እናትህን አይደለም የፈራሁት። ላንተ ብዬ የዋሸሁትን አንተም አምነህ እንዳትቀመጥ ነው።

አምና ለገና መጥተህ በማግስቱ ሄድክ። ዘንድሮ ጥቂት ቀን ጨምርልኝ። ለእናትህ "እኔው እመጣለሁ፣ ያኔ እንነጋገራለን" ብቻ በላቸው። ለሌላው ነገር እኔ ከጎንህ አለሁ።

ያንን ገደል ስትቆርጥ መድኃኔዓለም ከናዳ ከድንጋይ ይሰውርህ። የወጣህበትን ጨርሰህ በሰላም ለቤትህ ያብቃህ። ኤቢሴ ጉንጭህን ስማለች።

ያንተው
ላሊሴ

ልረሳው ነበር፦ ትናንት ከክሊኒኩ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ባንተ ስም ካርድ አውጥቻለሁ። ቀጠሮህ ጥር 2፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ካርድ የምትጽፈው ልጅ ዕድሜህን ጠየቀችኝ፣ ሠላሳ ስምንት አልኳት። "የመጣበት ምክንያት" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን፣ ባዶ ተይው፣ ራሱ መጥቶ ይናገራል አልኳት።